ጎዶሎው መስቀል

«አሥራ ስምንት ካራት ይበቃሻል፤ ሃያ አንዱ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይጣመማል» አልኋት።

ሥርጉት አንድ እግሯን ባጃጄ ውስጥ፣ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ እንዳደረገች ቆማ ቀረች። «ምኑ ነው የሚጣመመው?»

«ቀለበቱ ነዋ! ትናንት ወርቅ የሚያውቅ ሰው ፈልጉልኝ አላልሽም? ዕድለኛው ማን እንደሆነ እንኳ አልነገርሽን።»

«ጋሽ ገድሉ፣ ወርቅ አዋቂ ያልሁዎት ለምርመራ ነው።»

«ለምርመራ?»

«ለቄስ መርስዔ ኀዘን ጉዳይ። ለማን ተናገሩ?»

«ለእናትዓለም ብቻ።»

እናትዓለም ሚስቴ ናት። ሥርጉት ዓይኗን ጨፈነች። ለእሷ መንገር ለዓባይ ማዶ ሰፈር በሙሉ መንገር እንደሆነ ለማወቅ ኢንስፔክተር መሆን አያስፈልግም።

የቄሱን ስም ስትጠራ ግን ቀልዱን ተውሁት። ቄስ መርስዔ ኀዘን በቀኝ በኩል ጎረቤቴ ናቸው። ኢንስፔክተር ሥርጉት በግራ በኩል ተከራይታ ትኖራለች። አሳሪና ታሳሪ ግራና ቀኝ አጥር የሚጋሩኝ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የጣቢያው መኪና ጎማ አጥቶ ከቆመ ወዲህ ደግሞ እሷን የማመላልሳት በባጃጄ ነው፤ ነገሩን ከሥሩ ያወቅሁትም በዚሁ ነው።

ቄሱ ቤተሰባቸው እዚህ ባሕር ዳር፣ አገልግሎታቸው ዘጌ ነው። በዘጌ ጫካ ውስጥ ካሉት ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት የአንዱን ዕቃ ቤት ይጠብቃሉ። በዚያ ዕቃ ቤት፣ ከዘውዱና ከብራናው ጋር፣ አንዲት የድሮ ወይዘሮ ለስለት ያስገባቻት የንጉሥ መታሰቢያ ወርቅ ነበረች። ሳንቲም ናት፤ በአንድ ፊቷ ንጉሡ፣ በሌላው ፊቷ ጫፉ ላይ መስቀል ያለበት ዘንግ የያዘ አንበሳ። ወይዘሮዋ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላት ስለነበር አናቷ ላይ ትንሽ ማንጠልጠያ ተበይዶባታል። በቅርቡ ቤተ ክርስቲያኑ ለጎብኚ ማሳያ ቤት ሊሠራ ሲል ዕቃው ሁሉ በባለሙያ ታየ። ወርቋ ስትፋቅ ውስጧ ነሐስ ሆነ። ቁልፉ ያለው በቄሱ እጅ ብቻ ነው። ታሰሩ።

በታሰሩበት ቀን «እግዚአብሔር እውነቱን እስኪገልጠው ሱባኤ ይዣለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከውኃ በቀር ምንም አልቀመሱም። ሽማግሌ ናቸው፤ ስኳርም አለባቸው። የመጣው ሐኪም ከክፍሉ ወጥቶ ባለቤታቸውን እትዬ ፀሐይወርቅን «በዚህ ከቀጠሉ እሑድን አያዩም» ብሏቸዋል። የቀለበቱ ወሬ የሆነው በዚያው ሳምንት ረቡዕ ጧት ነው።

*

ጣቢያው በር ላይ እትዬ ፀሐይወርቅ ፔርሙዛቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ሲያዩን ወደ ሥርጉት ሄዱና ክንዷን ያዙ።

«ልጄ፣ አጥሚት ነው። ዛሬም ፊታቸውን አዞሩብኝ። አንቺ ብትሰጫቸውስ? የፖሊስ ትእዛዝ ነው በያቸው።»

«ትእዛዝ የሚሰሙ ይመስልዎታል እማማ?»

«አርባ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ የኔን ሰምተው አያውቁም። ምናልባት የመንግሥቱን…» ፔርሙዛውን አስያዙኝ።

ቄሱ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለዋል። ፊታቸው ያረጀ ሰም መስሏል። ፔርሙዛውን ይዤ ስለገባሁ ማንም አላስወጣኝም።

«አባ፣ ወርቋ ከቅጥሩ ወጥታ ታውቃለች?» አለች ሥርጉት።

«አታውቅም።»

«ቁልፉን ለሰው ሰጥተው ያውቃሉ?»

«ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።»

«ታዲያ ማን ወሰዳት?»

ቄሱ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «እሱን ብትነግሪኝ እኮ እበላ ነበር።»

*

ወርቅ አዋቂው አቶ ኢስሀቅ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ሱቅ ገበያው አጠገብ አለው። ሥርጉት እግረ መንገዷን የነገረችኝ ግን ሌላ ነበር። ኢስሀቅ ያቺን ወርቅ ለመግዛት አምና ዘጌ ድረስ ሄዶ ቄሱን ለምኗል። አለቃዋም «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? አስረሽ ጨርሺ» ብሏታል።

«ስለዚህ አዋቂም ተጠርጣሪም ነው?» አልኋት።

«ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ይሻላል።»

ኢስሀቅ ሐሰተኛዋን ወርቅ ከፕላስቲክ ከረጢቷ ሳያወጣ በአጉሊ መነጽር አያት። ገለበጣት። እንደገና ገለበጣት። ከዚያ ሣጥኑን ከፍቶ ሁለት ወርቅ አወጣና ጥቁር ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«እነዚህ የአባቴ ናቸው፤ አልሸጣቸውም። ነይ እዪ፣ እኅቴ። አንድ ዓይነት ይመስሉሻል?»

«አንድ ናቸው።»

«አይደሉም። ወርቁ የሚመታው በብረት ማተሚያ ነው፤ አባቴ ‹እናት› ይለው ነበር። ለዚህች ወርቅ ሁለት እናት ተሠርቶላታል። የዚህችን አንበሳ የኋላ እግር እዪው። ከሥሩ ምን አለ?»

ሥርጉት አጎነበሰች። «ነጥብ። አይደለም… ኮከብ።»

«የአታሚው ቤት ምልክት ነው። በዚህኛዋ ላይስ?»

«የለም።»

«አሁን ደግሞ መስቀሉን እዪ። ኮከብ ያለባት ላይ።»

ረጅም ጊዜ አየች። «የቀኝ ክንዱ የለም።»

«ብረቱ እዚያ ላይ ተሸርፎ ነው። ኮከብ ካለባት መስቀሏ ጎዶሎ ነው፤ መስቀሏ ሙሉ ከሆነ ኮከብ የለባትም። ከዚህ ውጪ የሆነች አይቼ አላውቅም።» የነሐሷን ገፋ አደረጋት። «ያንቺዋ ኮከብም አላት፣ ሙሉ መስቀልም አላት። ከየትኛዋም እናት አልተወለደችም።»

«እንዲህ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አድርጎ አይሳሳትም ልትለኝ ነው?»

«አዎ።»

«ወይም እንዲህ የሚያውቅ ሰው እንዳይጠረጠር ብሎ ሆን ብሎ ይሳሳታል።»

ኢስሀቅ ሳቀ፤ ደስ ያለው ሳቅ ግን አይደለም። «እኅቴ፣ እኔ ብቀዳት ጎዶሎውን እንደ ጎዶሎነቱ ነው የምቀዳው። የናንተን መስቀል መጠገን ምን ቤቴ ነው?»

ወጥተን ባጃጅ ውስጥ ገባን። እኔ አላስቻለኝም። «ሰውየው ንጹሕ ነው። ፊቱ ይናገራል።»

«የርስዎም ፊት ታሪፍ ሲጨምሩ ንጹሕ ነው» አለች። «መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኗ ወርቅ ከየትኛዋ እናት እንደነበረች ማወቅ አለብኝ። ፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይውሰዱኝ።»

*

ፔዳ የወሰድኋት ሔራን ከምትባል የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ዘንድ ነው። ሔራን ለጥናቷ የዕቃ ቤቱን ንብረት አምና አንድ በአንድ ፎቶ አንስታለች። ከቄሱ ሌላ ወርቋን በእጁ መያዙ የታወቀ ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ ሥርጉት ፊቷን ኮስተር አድርጋ ነው የገባችው።

«ወርቋን ለብቻሽ ይዘሻት ነበር?»

«ለብቻዬ? ቄሱ እኮ ትንፋሼን ሲቆጥሩ ነበር! ሳስነጥስ እንኳ ወርቋን ነጠቁኝ።» ላፕቶፗን አዞረች። «ይኸው። ፎቶው የተነሣበት ቀን ራሱ ላዩ ላይ አለ።»

ፎቶውን አጎላችው። ወርቋ ስክሪኑን ሞላችው። ከአንበሳው እግር ሥር ኮከቡ አለ። የመስቀሉ ቀኝ ክንድ የለም።

«የኮከቧ ልጅ ናት» አልሁ፤ እኔም አዋቂ ሆኜ።

ሥርጉት ግን መስቀሉን ትታ ወደ ላይ እያየች ነበር። «ይቺ ማንጠልጠያ ምን ሆና ነው?»

«ላልታ ነበር» አለች ሔራን። «ልትወድቅ ትንሽ ነው የቀራት። ለቄሱ ነግሬያቸዋለሁ። ‹ይበየዳል› አሉኝ።»

የነሐሷ ማንጠልጠያ ጠንካራ ነው፤ እኔም አይቻለሁ። ሥርጉት ወንበሩን ገፍታ ተነሣች። ሔራን ያዘዘችልን ሻይ ሳይነካ ቀረ። ሥርጉት በሕይወቷ አንድ ሻይ ጨርሳ የምታውቅ አይመስለኝም።

*

«አባ፣ ማንጠልጠያዋን ማን በየዳት?» አለች ሥርጉት ጣቢያ እንደተመለስን።

ቄሱ ለመነሣት ሞከሩ፤ አልቻሉም። «ኪዳነ ወልድ ነው። መስቀል ሠሪው። ከቅጥር ግን አላስወጣኋትም፤ እዚያው ዋርካው ሥር፣ ዓይኔ እያየ ነው የሠራት።»

«በአንድ ጊዜ ጨረሰ?»

«በሁለት። መጀመሪያ አይቶ፣ ለክቶ ሄደ። ለክረምቱ በዓል ተመልሶ መጣና በየዳት።»

«ሁለቱንም ጊዜ ዓይንዎ ከእሷ ላይ አልተነሣም?»

ቄሱ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አኖሩ።

«በመጀመሪያው እንግዳ መጥቶ ፈቀቅ ብያለሁ። በሁለተኛው… ታቦት እያለፈ ነበር። ሰገድሁ። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሰገድሁ። ታቦት ሲያልፍ ማን ቀና ብሎ ወርቅ ይጠብቃል?»

«ማንም» አለች ሥርጉት ቀስ ብላ።

«የክርስትና ልጄ ነው፣ ሥርጉት። እኔ ነኝ ያነሣሁት። እሱን ከምታስሪብኝ እኔ እዚሁ ልሙት።» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሐኪሙ የቄሱን ደም ግፊት ለክቶ ወጣና በር ላይ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ፀሐይወርቅ እኔንም ሥርጉትንም አላዩም። ፔርሙዛውን ከፍተው፣ ያ የቀዘቀዘ አጥሚት ላይ አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሳሉ። ሥርጉት አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማስረጃ የላትም። ታቦት ሲያልፍ ሁሉም ሰግዷልና ምስክርም የለም። ኪዳነ ወልድ «እኔ የበየድሁት የሰጡኝን ነው» ቢላት ነገሩ እዚያው ያልቃል።

*

ዓርብ ጧት ገና ጎሕ ሲቀድ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ኢንስፔክተር ሥርጉት ሦስት ሽፍታ በባዶ እጇ ይዛለች ይባላል፤ ጣና ላይ ግን የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን አልገለጠችም። ጉማሬ አየሁ ልላት አስቤ ነበር፤ ስለ ቄሱ ስናስብ ግን ለቀልድም ልብ አጣሁ።

ዕቃ ቤቱን አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ከፈቱልን። ወርቋ የነበረችባት ሣጥን ባዶዋን ናት። ከአጠገቧ ቀይ ከፋይ ላይ አዲስ የአንገት መስቀል ተቀምጧል፤ ጥቅጥቅ ያለ ወርቅ፣ እንዲህ ያለ አምሮ የተሠራ አይቼ አላውቅም።

«ይህስ የማን ነው?» አለች ሥርጉት።

«እግዚአብሔር ይወቀው። የክረምት በዓል ካለፈ በኋላ ስለት መቀበያው ውስጥ ተገኘ፤ የሰጪው ስም የለበትም። ቄስ መርስዔ ናቸው በእልልታ ያስገቡት።»

ሥርጉት አጉሊ መነጽሯን አውጥታ የመስቀሉን ክንዶች አየች። ከዚያ ኪሷ ውስጥ ያለችውን የነሐስ ወርቅ አውጥታ አየች። እንደገና መስቀሉን። የመስቀሉ ክንድ ጫፍ እንደ አደይ አበባ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ወደ ውጪ ይታጠፋል። መነጽሯን ኪሷ ውስጥ መለሰች።

የኪዳነ ወልድ ቤት ከቡናው ዛፍ ሥር ነው። አጭር፣ እጁ በጥላሸት የጠቆረ፣ ፊቱ የከሳ ሰው ነው። ደጃፉ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ በቆርቆሮ ቁራጭ ትጫወታለች። ሥርጉት የፖሊስ መታወቂያዋን አላወጣችም። ከሔራን ያሳተመችውን የወርቋን ትልቅ ፎቶ ሰጠችው።

«ለማሳያ ቤቱ ነው። ይህን አንበሳ ቆርቆሮ ላይ ቅረጽልኝ። ምንም ሳይጨመር፣ ምንም ሳይቀነስ፣ እንዳለ።»

ፎቶውን አይቶ መልሶ ሊሰጣት እጁን ዘረጋ። ግን የሥራ ሰው ነው፤ ሥራ ሲሰጡት እጁ ይቀድመዋል። ቆርቆሮ አመጣ፣ መቅረጫውን አነሣና ጀመረ። አንበሳውን፣ እግሩን፣ ከእግሩ ሥር ያለችውን ኮከብ። ዘንጉን ወደ ላይ ሳበው። መስቀሉ ጋ ሲደርስ ለአፍታ እንኳ አልቆመም። ግራ ክንዱን ቀረጸ፣ ቀጥሎ ቀኝ ክንዱን፣ ጫፉን ሁለት ቦታ ከፈለና ወደ ውጪ አጠፈው።

«ጨረስሁ።»

«እንዳለ ነው?»

«እንዳለ ነው።»

ሥርጉት ጣቷን ፎቶው ላይ አሳረፈች። «እዚህ ቀኝ ክንድ አለ?»

አየ። አጎነበሰና እንደገና አየ። «የለም» አለ። ከዚያ እንደሚያስረዳ ሰው፣ «የመስቀል ክንድ ተሰብሮ እንዴት ይተዋል? እጅ እሺ አይልም» አለ።

የነሐሷን ወርቅ ከቆርቆሮው አጠገብ አስቀመጠችለት። አንድ እጅ፣ አንድ ክንድ፣ አንድ አጠፋፍ።

ኪዳነ ወልድ መቅረጫውን መሬት ላይ አኖረና ወደ ልጅቱ ተመለከተ። «ውስጥ ግቢ፣ ወለተ ኪዳን» አላት። ገባች።

«በጧፍ ሰም ነው ቅርጿን ያነሣኋት» አለ። «ሰሙ ደብዝዞ ወጣ፤ ነሐሱን ካፈሰስሁ በኋላ በመቅረጫ አጠራሁት። ታቦት ሲያልፍ፣ አባ ሲሰግዱ ለወጥኋት።»

«ወርቁስ?»

የነሐሷን ወርቅ ገለበጣት።

«ወርቁ ዕቃ ቤት ነው» አለች ሥርጉት። «ቀይ ከፋይ ላይ። አይደለም?»

እኔ በዚያች ደቂቃ ነው የገባኝ። ሰውየው እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ወለተ ኪዳን ልትሞትብኝ ነበር። ባሕር ዳር አመላለስኋት፤ ተስፋ የለም አሉኝ። እዚያ ደጀ ሰላም ወድቄ የወርቅ መስቀል ተሳልሁ። ዳነች። ከዚያ እኔ ወርቅ ከየት ላምጣ? ሳዘገይ ትኩሳቱ ተመለሰባት። ስለቴን ስላልከፈልሁ ነው ብዬ አበድሁ። ያቺ ወርቅ የቤተ ክርስቲያን ናት፤ አቅልጬ ለቤተ ክርስቲያን መስቀል ባደርጋት ከበሩ እንኳ አትወጣም አልሁ። ሰጠሁ። ትኩሳቱም ለቀቃት።»

«አባ መርስዔ በረኃብ እየሞቱ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ዕለት ዕለት ጀልባው ድረስ ሄጃለሁ፤ እግሬን አንሥቼ መሳፈር አቃተኝ። ከተናገርሁ ስለቱ ይፈርሳል፤ ስለቱ ከፈረሰ ልጄን ይወስዳታል። እኔ ምን ላድርግ? አንቺ ብትሆኚ ማንን ትመርጫለሽ?»

ሥርጉት ከፊቱ ቁጢጥ አለች። «ልጅህን ያዳናት ወርቁ ነው ወይስ የተሳልህለት?» አለችው።

ተነሥቶ እጁን ታጠበ፤ ልጅቱን ለጎረቤት ሰጠና ተከተለን።

*

ጣቢያ ስንደርስ ገና ረፋድ ነበር። ቄሱ ዓይናቸውን ከድነዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ለአፍታ የዘገየን መሰለኝ። እትዬ ፀሐይወርቅ እጃቸውን ይዘው ጣቶቻቸውን ይዳብሳሉ።

ሥርጉት ተንበርክካ በጆሯቸው ነገረቻቸው፤ ሁሉንም፣ የቅርጹን፣ የስለቱን፣ የመስቀሉን። «ወርቁ ከቤተ ክርስቲያን አልወጣም፣ አባ። እርስዎ ራስዎ ነዎት በእልልታ የተቀበሉት። ነጻ ነዎት።»

ከዓይናቸው ጥግ አንድ ዕንባ ወርዳ ጢማቸው ውስጥ ገባች።

«ልጅቱስ?» አሉ።

«ደኅና ናት። ስትጫወት ነው ያየናት።»

«እሱስ?»

«ውጪ ነው። ቃሉን እየሰጠ ነው።»

«አታስጩሂብኝ። በኋላ እኔ አናግረዋለሁ።»

እኔና ሥርጉት በሁለት ወገን ደግፈን አስቀመጥናቸው። እትዬ ፀሐይወርቅ አጥሚቱን በኩባያ ቀዱና አፋቸው ድረስ አደረሱላቸው። ቄሱ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንፋሎቱን አሸተቱ። ከዚያ ከመስኮቱ የገባውን ብርሃን ወለሉ ላይ የት እንደደረሰ አዩና ኩባያውን ቀስ ብለው ከጎናቸው አስቀመጡት።

«ምነው?» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ።

«ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?»

«አንቱ ሰው! ሐኪሙ እኮ እሑድን አያዩም ብሏል!»

«እኔስ መቼ እስከ እሑድ አልሁ?» አሉ ቄስ መርስዔ ኀዘን። «የዛሬው ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»